ሁለት መሰኪያ ወይስ ስምንት? ለሚሠራ ሙዚቀኛ ኮምፒዩተርና የቪዲዮ መሣሪያ ስለመምረጥ

በገደብ ከተማ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፣ ሙሉ ጽሑፍ



በዚህ ርእስ እንድናገር ያነሣሣኝ በየዓመቱ ከቡና ሽያጭ በኋላ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው አንዳንዴ ተማሪዬ ነው፤ አንዳንዴ በሠርግና በበዓል እየዘፈነ የሚተዳደር ድምፃዊ፣ አንዳንዴም የመዘምራን ቡድን አስተባባሪ ነው። «ዶክተር፣ ጥቂት ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ካሜራ ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ?» ይለኛል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለብዙዎቹ ያ ገንዘብ የአንድ ዓመት ቡና ነው፤ በተሳሳተ ዕቃ ላይ ከዋለ ለሚቀጥለው ዕድል ሌላ ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ስለዚህ ጥያቄው የሚገባውን ክብደት ልስጠው።

የዋጋ ዝርዝር አላመጣሁም። ባመጣም ከዲላ ገደብ እስክደርስ ይለወጥብኝ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ለጠያቂዎቼ የምነግራቸው አንድ የአገዛዝ ደንብ አለ፦ ገንዘባችሁን ቀስ ብሎ በሚያረጅ ዕቃ ላይ አስቀድሙ። ላፕቶፕ በአምስትና በስድስት ዓመት ይደክማል። ስልክ ከዚያም ይፈጥናል። ማይክሮፎን ግን አያረጅም ማለት ይቻላል። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤስ ኤም 58 የሚባለውን ማይክ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ዛሬም እየሠራ ይሸጠዋል። (በገበያችን ከሚታዩት ብዙዎቹ አስመስለው የተሠሩ መሆናቸውን በዚሁ አጋጣሚ ልጠቁም። በእጅ ስትይዙት ከቀለለባችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ተጠራጠሩ።)

እንግዲህ ካሜራ ወይስ ላፕቶፕ ለሚለው ጥያቄ መልሴ «ሁለቱም አይቅደሙ» የሚል ነው። ከሁለቱ በፊት የሚመጣ አንድ ውሳኔ አለ፤ እሱም ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ትቀርጻለህ የሚለው ነው።

በተለምዶ ሳውንድ ካርድ የምንለውን ዕቃ ፊቱን አዙሩና የማይክ መሰኪያዎቹን ቁጠሩ። በብዛት የሚገኘው ባለ ሁለት መሰኪያ ነው። ባለ ስምንት መሰኪያም አለ፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ገዢው ይህን እንደ ዋጋ ልዩነት ብቻ ያየዋል። እኔ የሙዚቃ ልዩነት አድርጌ ነው የማየው። ባለ ሁለት መሰኪያ የገዛ ሰው ሃያ ሰው በአንድነት የሚያዜመውን ዜማ ለመቅረጽ ሲነሣ፣ ከስቱዲዮ ሠራተኞች የሚማረው መንገድ አንድ ነው፦ በቅድሚያ በኮምፒዩተሩ ምት ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሰዎቹን አንድ በአንድ እያስገባ፣ ሄድፎን እያስደረገ፣ ምቱን እያሰማ ይቀርጻል። ሃያውን ሰው ማስገባት ስለሚያታክተው ሦስቱን ያስገባል፤ የሦስቱን ድምፅ ገልብጦ ያባዛል። በመጨረሻ የሚወጣው ዘፈን የቡድን ዘፈን ይመስላል፤ ቡድን ግን በውስጡ የለም። ይህን የወሰነው ድምፃዊው አይደለም። ዕቃው ሲገዛ ተወስኗል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሕትመት ሞኖፖል ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት፣ ከዚያም ዓሊ ታንጎ በካይፋ ሲቀጥል፣ የዘመኑ ባንድ ይቀረጽ የነበረው ተሰብስቦ ነበር። ነፊው፣ ከበሮ መቺውና ድምፃዊው በአንድ ቦታ ቆመው፣ እየተያዩ። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን «እሬ መላ መላ» ስትሰሙ የምትሰሙት የዕቃ ብዛት አይደለም። እርስ በርስ የሚሰማሙ ሰዎችን ነው። ያ ቀረጻ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በብራስልስ ታትሞ አውሮፓን ያስደመመው፣ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የዘመኑን ሥራዎች ለዓለም ያዳረሰው፣ የዚያን ጊዜ መሣሪያ ከዛሬው ስለሚበልጥ አልነበረም። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ በብዙ መለኪያ ከዚያ ዘመን ቴፕ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ካሴት ሸክላን ተካ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቡን ሥራ አደከመው፤ ትልልቅ ባንዶችን ማቆየት ከባድ ሆነ። ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና የምት ማሽን ደግሞ ረከሱ። አንድ ሰው የአሥር ሰው ሥራ መሥራት ቻለ። የዚህ ታሪክ እጅግ የሚያምረው ምዕራፍ የተጻፈው በስደት ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ፌንደር ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የምት ማሽን እየደራረበ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታትሞ ሰውየውን ከታክሲ መሪ ወደ ዓለም መድረክ መለሰው።

ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ኃይሉ ብቻውን የቀረጸው ባንድ ስላልነበረው ነው፤ ለብቸኝነቱም የሚስማማ ዜማ መረጠ፣ አኮርዲዮንን መረጠ። ዕቃው የችግሩ መልስ ነበር። በገደብ ያለ ድምፃዊ ግን ያ ችግር የለበትም። ለደራሮ በዓል ሜዳ ላይ የሚወጣውን ሕዝብ አይታችኋል፤ ተቀባይ ሞልቶለታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ እያለ ለብቸኛ ሰው የተሠራውን አሠራር መውሰድ፣ የሌለብንን ድህነት በገንዘብ መግዛት ነው።

ለተማሪዎቻችን አንድ የጥናት ማስታወሻ ላክል። ሲምሃ አሮም የተባሉት የሙዚቃ ተመራማሪ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የተደራረቡ ድምፆችን ለማጥናት ሲሉ ዘፋኞችን አንድ በአንድ በሄድፎን እየቀረጹ የመለየት ዘዴ ፈጥረዋል። ዘዴው ዝነኛ ነው። ግን አሮም በቅድሚያ የሚቀርጹት ሙሉውን ቡድን ነበር፤ መነጣጠሉ ለትንተና ነው። በእኛም አገር የዶርዜን ዜማ የሰማ ሰው አንዱ ድምፅ የሌላውን ትንፋሽ ጠብቆ እንደሚገባ ያውቃል። መነጣጠል የተመራማሪው መሣሪያ ሆኖ ሳለ የእኛ ስቱዲዮዎች የዜማው አሠራር አድርገውታል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ መሰኪያቸው ሁለት ስለሆነ ነው።

ታዲያ ስምንት መሰኪያ ይገዛ? ለገደብ ድምፃዊ አልመክርም። ውድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ስምንት ማይክ፣ ስምንት ገመድና ስምንት ማቆሚያ ያስከትላል። እኔ የምመክረው በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ራሱ ላይ ጥንድ ማይክ የተገጠመለት መቅረጸ ድምፅ ነው። ዙም ኤች 4 ኤን ፕሮ ለምሳሌ ራሱ ላይ ሁለት ማይክ አለው፤ ከሥር ሁለት የውጭ ማይክ መሰኪያ አለው፤ አራቱን በተለያየ ትራክ ይቀርጻል፤ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳውንድ ካርድ ይሆናል። ያገለገለ ይገኛል። ለምርት ስሙ ጥብቅና አልቆምኩም፤ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። ዋናው ነገር አራት ትራክ፣ ባትሪ ድንጋይና ጥንድ ማይክ በአንድ ላይ መገኘታቸው ነው።

አጠቃቀሙን ልንገራችሁ፤ ይህ ከዕቃው ይበልጣል። ሰዎቹን በግማሽ ክብ አቁሙ። መቅረጸ ድምፁን በማቆሚያ ላይ ከአንገት ከፍ አድርጋችሁ መሐል ላይ ትከሉ። መሪውን ወደ ፊት አቅርቡ፤ ከበሮውን ወደ ኋላ አርቁ። ሞክሩና አዳምጡ። የአንዱ ተቀባይ ድምፅ ከጎላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ፤ የሚያንሰው ወደ ፊት ይምጣ። በስቱዲዮ በጣት የሚሠራው ሚክሲንግ እዚህ በእግር ይሠራል። አንድ ሰዓት ሊወስድባችሁ ይችላል፤ ሰዎቹ ግን እየተያዩ፣ እየተሰማሙ ስለሚዘፍኑ ከዚያ በኋላ የሚገኘው በምንም ሶፍትዌር አይገኝም። የመሪውን ቃል ለይታችሁ ማጉላት ካስፈለገ አንድ ኤስ ኤም 58 በውጭ መሰኪያው ላይ ጨምሩለት፤ ሌላውን ለከበሮው።

ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ቀጫጭን ኮንደንሰር ማይኮች ያሉት ሰው ደግሞ የቀድሞው የፈረንሳይ ሬዲዮ ባለሙያዎች ያስተማሩትን አቀማመጥ ይሞክር፦ የማይኮቹን አፍ በ17 ሴንቲ ሜትር አራርቆ፣ በ110 ዲግሪ ግራና ቀኝ ማዞር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት መሰኪያ ብቻ ነው፤ 48 ቮልት የሚልክ መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ያለ እሱ ኮንደንሰር ማይክ አይናገርም። እንግዲህ ሁለት መሰኪያ በራሱ ጥፋት የለበትም። ሃያውን ሰው በሁለት ጆሮ መስማትና ሃያውን ሰው አንድ በአንድ ማስገባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለ ክፍሉም ጥቂት ልበል። ገደብ ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ነው፤ ቤቶቻችን ደግሞ ቆርቆሮ ክዳን ናቸው። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያሸንፈው ማይክ አልተሠራም፤ ቀረጻ በበጋ ወይም በጠዋት ይሁን። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል። ብዙ ሰው ስፖንጅ ከአዲስ አበባ ይገዛል፤ ስስ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው የሚውጠው፤ የከበሮውን ጉምጉምታ አይነካም። በጆንያ በደንብ የደረቀ የቡና ገለባ ሞልታችሁ በአራቱም ማእዘን ደርድሩ፤ ወፍራምና ባለ ቀዳዳ ነገር የሚሻለው እዚያ ላይ ነው። በየዓመቱ ቀይሩት፤ ነፍሳት ይወዱታልና፣ ከእሳትም አርቁት። የቀርቀሃና የሣር ክዳን ቤት ያለው ሰው ግን አይድከም፤ ከብዙ ስቱዲዮ የተሻለ ክፍል አለው።

ወደ ኮምፒዩተሩ ልለፍ። እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ሰው ከሚያስበው ያነሰ ይበቃል። ዴስክቶፕ ለገደብ አይሆንም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ይሄዳል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ቢያንስ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣችኋል። ያገለገለ ስትገዙ የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ፕሮሰሰር ይኑረው፤ ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ራሙ 16 ጊጋባይት ቢሆን መልካም ነው፤ 8 ከሆነም በኋላ መጨመር የሚቻልበት ዓይነት ይሁን። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖችና በአዲሶቹ ማክቡኮች ላይ ራም አይጨመርም፤ የገዛችሁት ይዟችሁ ይኖራል። ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፤ ባትሪው የሚናገረው ከሻጩ ይልቅ እውነት ነው።

አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ ግን ለድምፃዊው ወሳኝ ነው። ዘፋኙ በሄድፎን ራሱን ሲሰማ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣበት ኮምፒዩተሩ ዘገየ ማለት ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ በፈር የሚባለው መጠን 1,024 ከሆነ በ48 ኪሎኸርዝ 21 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ያዘገያል፤ ወደ 256 ቢወርድ 5 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይሆናል። ሲቀረጽ ዝቅ አድርጉት፣ ሲቀናበር ከፍ አድርጉት። ብዙ ሰው «ይህ ድምፃዊ ምት አይጠብቅም» ተብሎ የሚወቀሰው በዚህች ቁጥር ምክንያት ነው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ ኦዳሲቲ ነፃ ነው። ሪፐር በደካማ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ከበቂ በላይ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ግን ፕሮክሲ የሚባለውን ቀለል ያለ የሥራ ቅጂ ማዘጋጀት ተማሩ። ከአገራችን ሆኖ በዶላር መክፈል አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጫማ ከሚልክ ይህን ቢከፍልላችሁ ይሻላል። ክራክ የተደረገውን ሶፍትዌር ተዉት። ዘፈናችን ያለ ፈቃድ ተገለበጠ እያልን የምንጮኽ ሰዎች ነን። ከዚህም ሌላ፣ በክራክ የተሠራ ሥራ ኮምፒዩተር ሲቀየር ላይከፈት ይችላል።

ማንኛውንም የሙዚቃ ሶፍትዌር ስትከፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቃችሁ ዝግጁ ምት አለ፦ በደቂቃ 120፣ አራት በአራት። ይህ የማንም ሕዝብ ዜማ አይደለም፤ የፋብሪካ መነሻ ነው። የእኛ ችክችካ እንኳ በስድስት የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ስንት ወጣት አራት በአራት ውስጥ ሲያንጓጥጠው ሰምቻለሁ። ድምፁም እንዲሁ ነው። ኪቦርዱ አሥራ ሁለት እኩል እርከኖች አሉት፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በክራር የሚቃኝ ሰው ግን ጆሮውን እንጂ እኩል ክፍፍልን አይከተልም። የጌዴኦ ተቀባዮችም አይከተሉም። ኪቦርድ የምትገዙ ከሆነ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል ስኬል ቱን የሚባል ማስተካከያ እንዳለው ጠይቁ፤ ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የተሠሩት አብዛኞቹ አላቸው። ምቱንም ከኮምፒዩተሩ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ቡድኑን ቅረጹ፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ የቡድኑን ምት እንዲከተል አድርጉ። ሪፐር ይህን ይችላል። አድካሚ ነው፤ ግን ማን ማንን ይከተላል የሚለው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ካሜራው። ለመጀመሪያው ዓመት ያላችሁ ስልክ ይበቃል። የሚያስፈልጋችሁ ትራይፖድ፣ ብርሃን፣ ሁለት ቅንብሮችም ናቸው። የመጀመሪያው ቅንብር ይህ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ በእሱ የሚበራ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ስልክ ወይም ካሜራ በሴኮንድ 30 ምስል ስለሚያነሳ ቪዲዮው ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ይታያል። በሴኮንድ 25 ምስል አድርጉት፣ የሹተር ፍጥነቱንም ሃምሳኛ ወይም መቶኛ ሴኮንድ ላይ ቆልፉት፤ በአብዛኛው ይጠፋል። አንዳንድ ስልክ ይህን ለማግኘት በቅንብሩ ውስጥ ፓል የሚለውን እንድታበሩ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ «ካሜራው ተበላሽቷል» ተብለው የተሸጡ ደኅና ካሜራዎች አውቃለሁ።

ሁለተኛው ድምፅን ከምስል ማጋጠም ነው። በስልኩ የተቀረጸውን ድምፅ አትጠቀሙበት፤ ስልክ ዝም ሲባል ያጎላል፣ ሲጮኽ ያፍናል፤ መሪው ሲጥልና ተቀባዩ ሲመልስ ያለው ልዩነት ይጠፋል። ድምፁን በመቅረጸ ድምፁ፣ ምስሉን በስልኩ ያዙ፤ ሁለቱም መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ አንድ ሰው በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። ሁለቱን የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የተለያየ ሰዓት ስላላቸው ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ቢሆን በአምስት ደቂቃ ዘፈን 15 ሚሊ ሴኮንድ ነው፣ ማንም አያውቀውም፤ በአንድ ሰዓት ግን ወደ ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ይጠጋል፣ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ስለዚህ ለሠርግ በየዘፈኑ አጨብጭቡ። የሠርግ ሥራ የምትይዙ ደግሞ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ሳይቋረጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቀርጽ ጠይቁ፤ ብዙ የፎቶ ካሜራዎች ወደ ሠላሳ ደቂቃ ሲጠጉ ራሳቸውን ያቆማሉ፣ ሙሽራዋ ደግሞ አትጠብቅም።

ካሜራ የምትገዙበት ቀን ሲደርስ ከአካሉ ይልቅ ሌንሱን ምረጡ። 1.8 የሚከፈት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ርካሽ ነው፤ በኩራዝም በአምፖልም ይሠራል። በዚህ እርጥበት አገር ግን ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አኑሩት። አራት ኬ የሚባለውን አትቸኩሉበት። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። አራት ማይክ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ለአንድ ሰዓት ሲቀረጽ 2 ጊጋባይት ያህል ነው። በሴኮንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ አንድ ተራ ካሜራ በዚያው ሰዓት 22.5 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 100 ሜጋቢት የሚወስድ አራት ኬ ካሜራ 45። ከአሥር እጥፍ በላይ ቦታ የሚፈጀው ምስሉ ነው፤ ሰው ግን ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚያጠፋው ያልተቀናበረውን ድምፅ ነው። እባካችሁ ተቃራኒውን አድርጉ።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ቃል ብቻ፦ ዕቃ የሚያቃጥለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ሲሄድ ሁሉንም ንቀሉ።

የሚቀረው ስለ ቅጂና ስለ ስም ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከእንግዲህ ካሜራና መቅረጸ ድምፅ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ይበዛሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ደኅና ሰዎች ናቸው። ሆኖም የገደብ ዜማ ጥሩው ቅጂ ለንደን ወይም አዲስ አበባ ሆኖ፣ በገደብ ያለው በስልክ የተላላከ የተጨመቀ ቅጂ ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ከምትገዙት ዕቃ ሁሉ በፊት ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በበጀታችሁ ውስጥ ይግቡ። ያልተነካው ቀረጻ በላፕቶፑ ላይ ይሁን፣ በአንዱ ዲስክ ላይ ይሁን፣ ሌላው ዲስክ ደግሞ ከቤታችሁ ውጭ፣ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በፋይሉ ስም ውስጥ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የመሪውን ስም ጻፉ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔ ያለ ከዋኙ ፈቃድ እንዳይቀረጽ ይከለክላል። ይህ ተቀባዮችንም ይመለከታል። ስለዚህ ከማይኩ ጋር ደብተር ይምጣ፤ ከቀረጻው በፊት የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ፈቃዱና ገንዘብ ቢገኝ የሚደርሰው ድርሻ ይጻፍ። ሃያ ሰው መሆናቸው ሥራውን ያበዛዋል፤ ሦስት ድምፅ ገልብጦ የሚያባዛው ሰው ይህ ጣጣ እንደሌለበት አውቃለሁ።

አሁን ሁለት ቅጂዎችን አሰማችኋለሁ። ዜማው አንድ ነው፤ የዘፈኑትም በዚህ ከተማ ያሉ ያው ሰዎች ናቸው። አንዱ በሄድፎንና በምት አንድ በአንድ የተቀረጸ ነው፤ ሌላው በግማሽ ክብ ቆመው በአንድ መቅረጸ ድምፅ የተቀረጸ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ አልናገርም። ተቀባዮቹ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ አዳምጠን ስንጨርስ ማይኩን ለእነሱ እሰጣለሁ።